ክቡር አቶ አልደከመኝም

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ግፋ ሲልም በየቤቱ፣ ደክሞት የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ደህና ነኝ» ይላል። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ «ተወው፣ ቀላል ነው» ይላል። ተቀምጦ ሲያንኮራፋ ቢቀሰቅሱት ደግሞ «ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ እንጂ መች ተኛሁ!» ብሎ ይቆጣል። ይህን ሰው ለማሳመን መድከም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ብዙዎቻችን ሞክረን ትተነዋል።

የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «አቶ አልደከመኝም» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ እኛ ደግሞ ለማዕረጋቸው የሚመጥን «ክቡር» ጨምረንበታል። ሌላው አልደከመኝም ባይ ቢያንስ ጤነኛ ነው። እሳቸው ግን ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው፣ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ደማቸው በማሽን ታጥቦ ይመለሳሉ። ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፦ «እኔ እሰፋለሁ፣ እነሱ ያጥባሉ። ሁላችንም የልብስ ሰዎች ነን።»

ቀልዱን ሰምታ የማትስቅ አንዲት ሴት አለች፤ ሚስታቸው። ክብሩን ሁሉ ለእሳቸው ስለሰጠን ለእሷ የተረፈን ቅርበት ብቻ ነውና አንቱ አንላትም። ሱቋ ውስጥ ከባሏ ጎን ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ ኮት ስፌት መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት አካሉን በእጅ ለጊዜው ትጠልፋለች። ይህን ሁሉ ስትሠራ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኗ ባሏ ላይ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኛ ድካም እኛ የምናውቀው ዓይነት ድካም አለመሆኑን የተረዳችው ከማንም ቀድማ እሷ ናት። የእኛ ድካም ተኝተን ስንነሣ ይለቀናል። የእሳቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ ቆይተው ጠዋት ሲነሡ እዚያው አለ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ከታጠቡ በኋላ ያለው ከሰዓትማ አይነሣ፤ ሰውነታቸው እንደተጨመቀ ጨርቅ እጥፍጥፍ ይላል። ቃል ለመጨረስ እንኳ አቅም ሲያንሳቸው ታያለች። ጠጋ ብላ «ደከመህ እንዴ?» ስትላቸው ግን ቀና ብለው «አልደከመኝም!» ይላሉ፤ ለዚያች ቃል መቼም አቅም አያጡም።

የሱቋ አሠራርም ለዚሁ አልደከመኝም ባይነት የተመቸ ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ መስታወት በር፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ የቁም መስታወት፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ወንበር አለ፤ ግን ከላዩ ላይ ጨርቅ ተከምሮበታል። ክምሩን ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። «ቆራጭ አይቀመጥም፤ የተቀመጠ ቆራጭ ጨርቁን አያየውም» ይላሉ። መቁረጥ የቆሙ ሰዎች ሙያ ነው ብለው ያምናሉ፤ መቀሳቸውንም ለማንም አያውሱም።

እንዲህ ሆኖ ታዲያ አያርፉም ማለት አይደለም። ክቡርነታቸው ያርፋሉ፤ ሲያርፉ ግን አይታይባቸውም። መርፌ ወደቀብኝ ብለው መሬት ላይ ቁጢጥ ይሉና ያልወደቀውን መርፌ ሲፈልጉ ይቆያሉ። ክር ለማስገባት መርፌዋን ወደ ብርሃን አንሥተው ረዥም ሰዓት ይተክዛሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የልኬታቸው ነገር ነው። ደንበኛውን መስታወት ፊት ያቆሙና ትከሻውን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይይዙታል። ይለካሉ፣ ደግመው ይለካሉ፣ «ትከሻ ቀላል ነገር አይደለም» ይላሉ። ደንበኛው እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰፊ አይቼ አላውቅም እያለ ይሄዳል። ተደግፈውት እንደነበር የምታውቀው ሚስትየዋ ብቻ ናት። ዞር ብላ ቁልፍ ትቆጥራለች።

እንዲያው ለኩራት ብቻ ነው እንዳንል ምክንያት አላቸው። በሽታው መጀመሪያ የተገኘባቸው ሰሞን ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «ታሟል አሉ» «አልጋ ይዟል አሉ» ተባለ። ደንበኛው አንድ በአንድ እየመጣ፣ «እግዜር ይማርህ፤ እስከዚያው ጨርቄን ልውሰደው» እያለ ያልተቆረጠውን ጨርቅ በፌስታል በፌስታል ይዞ ሄደ። መደርደሪያው ራቁቱን ቀረ። ክቡርነታቸው ያኔ ነው ያቺን ቃል ከአፋቸው ያወጧት። «ደከመኝ ያልኩ ቀን ሱቁን ዘጋሁ ማለት ነው» አሏት ለሚስታቸው። እሷም ባዶውን መደርደሪያ አይታ አቧራውን መወልወል ጀመረች።

ችግሩ፣ ለደንበኛው የተዘጋጀችው ቃል ሆስፒታልም ድረስ አብራቸው መሄዷ ነው።

የእጥበት ክፍሉ ረዥም አዳራሽ ነው። ማሽኖቹ በየተራ ጢጥ ጢጥ ይላሉ፤ ሕመምተኛው ብርድ ልብስ ለብሶ ጋደም ብሏል። ሲስተሯ ወጣት ብትሆንም ንቁ ናት፤ ወደ እያንዳንዱ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች።

«አባቴ፣ ድካም እንዴት ነው?»

«የምን ድካም ሲስተር? ብረት ነኝ።»

«ከእጥበት በኋላስ? አቅም አያጥርዎትም?»

«ቀጥታ ወደ ሥራ ነው የምሄደው። እኔ የሚደክመኝ ሥራ ስፈታ ነው።»

«እንቅልፍስ?»

«ጋደም ካልኩ ጭልጥ ነው።»

ሚስትየዋ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሌሊት እግራቸው አላርፍ ብሎ ሲወራጭ፣ ተነሥተው ክፍሉን ሲዞሩ የሰማቻቸው እሷ ናት። ሲስተሯ ወደ እሷ ዞር ብላ «እውነት ነው እናቴ?» በሚል ዓይን አየቻት። ሚስትየዋ ወለሉን አየች። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ክንዷን ያዝ አድርገው «ገመናዬን አደባባይ እንዳታወጪብኝ» ብለዋታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ታውቀዋለች። ያንን ተረት የተናገረው ሰው ግን እንዲህ ያለ ባል የነበረው አይመስላትም።

እንዲህ እያለ ነገሩ እስከ አንድ ኮት ድረስ ዘለቀ።

አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጡረታ ሊወጣ ነው። ለስንብቱ ቀን የሚለብሰው ኮት እንዲሰፉለት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጨርቁን ሚስቱ ናት መርጣ የገዛችለት፤ ሳይሰፋ ሞተች፤ ሻንጣ ውስጥ ቆየ። «ሌላ እንደሱ የለም» አላቸው ሲያስረክባቸው። ክቡርነታቸውም ትከሻውን ይዘው፣ በደንብ ተደግፈው፣ ለኩት።

የቆረጡት ከእጥበት በተመለሱበት ከሰዓት ነበር። ሚስትየዋ ፊታቸው አመድ መምሰሉን አይታ «እባክህ ለነገ ጠዋት አቆየው፤ ጠዋት ይሻልሃል» አለቻቸው። የመለሱላትን ቃል ቀድመን እናውቀዋለን። ጨርቁ ትንሽ አጠር ብሎ ስለነበር የኮቱን አካል ከቆረጡ በኋላ ለእጅጌው የተረፈው ለሁለት ታጥፎ የሚበቃ አልሆነም። ጨርቅ ታጥፎ ሲቆረጥ ግራና ቀኙ በራሱ ይወጣል። ሳይታጠፍ ሲቆረጥ ግን ቆራጩ ጨርቁ ላይ አስቀምጦ የሚቆርጥበትን የካርቶን ቅድ አንድ ጊዜ በደረቱ፣ አንድ ጊዜ በጀርባው መገልበጥ አለበት። ይህን ማንኛውም ቆራጭ ተኝቶም ያውቀዋል። ክቡርነታቸው ቆመው ረሱት።

በማግስቱ እጅጌውን ከትከሻው ጋር ጠልፋ ያያዘችው ሚስትየዋ ናት። ግራው ልክ ገባ። ቀኙን ስታያይዘው ክርኑ ወደ ፊት ዞሮ እጅጌው ወደ ኋላ ታጠፈ። ኮቱ የራሱን ጀርባ ሊያክ የፈለገ መሰለ። ፈታችው፣ እንደገና ያዘችው፤ ያው ነው። ሁለቱም የግራ እጅጌ ነበሩ። ቀኙን ፈትታ ኮቱንና እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ጨርቁ ነው» አሉ መጀመሪያ። ገጹንና ጀርባውን አዩት፤ ገጹ ለስላሳ፣ ጀርባው ሻካራ፣ ዓይነ ስውርም በእጁ የሚለየው ነው። «መብራቱ ነው» አሉ። ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፤ አምፖሉ ቦግ ብሏል። ካርቶኑን አንሥተው ገለበጡት። ሦስተኛ ጥፋተኛ አጡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ካለው የጨርቅ ክምር ላይ፣ ከነክምሩ ቁጭ አሉ። ሚስትየዋ በሥራ ሰዓት ባሏን ተቀምጠው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደነገጠች።

«ምን አልኩህ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጠቻት።

«ለሹፌሩ ምን ልበለው?» አሉ።

«ያሻህን በለው። ብል በላው በለው። ሚስቴ ናት ያበላሸችው በለው፤ እኔ እሸከመዋለሁ። ለሲስተሯ ግን እውነቱን ንገራት፤ አፈር ስሆን።»

«ሰው ከሰማ አለቀልኝ።»

«እኔስ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ራሷም ሰማችው። «አንተ ሱቁ ይዘጋል ብለህ ትፈራለህ። እኔ የምፈራው አንድ ቀን እዚህ ጠረጴዛ ሥር ወድቀህ እንዳላገኝህ ነው። መርፌ የምትፈልግ መስሎኝ ዝም ብልህስ? በሩን ስከፍት፣ ስመለስ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ፣ ሁልጊዜ የማስበው ይህንኑ ነው። ብቻዬን መቅረት አልፈልግም። ይኸው ነገርኩህ።»

ክቡርነታቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ጠቀለሉት።

ሹፌሩ ለልክ መጣ። ሚስትየዋ ውሸቱን ላለመስማት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሰፊ ሰበብ ብዛቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነገ ና፣ ክር አልቋል፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ባሏ ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

«ወንድሜ፣ ጨርቁ…» ብለው ጀመሩ። አቆሙ። «ጨርቁ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆረጥኩት።»

«እንዴት?»

«ደክሞኝ ነበር።»

ሚስትየዋ ዞረች። ይህችን ቃል የጠበቀችውን ያህል ሌላ ምንም ቃል ጠብቃ አታውቅም፤ «እወድሻለሁ»ንም እንኳ። ስትመጣ ግን ደስታ አልሆነችላትም፤ ባሏ በሰው ፊት ራቁታቸውን የቆሙ መሰላት።

ሹፌሩ ኮቱን አንሥቶ በጣቱ ዳሰሰው። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። ቢቆጣም የሚፈርድበት አልነበረም።

«እሷ ናት የመረጠችው» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም «ሲደክምህ ለምን አታርፍም?» አላቸው።

«ካረፍኩ ሰው ጨርቁን ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ።»

«እኔ መሪ ላይ ዓይኔ ሲከብድ ጥግ ይዤ አቆማለሁ» አለ ሹፌሩ። «ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ ረፈደብን ይላል፣ በሩን ይደበድባል። ልስማው እንጂ ምን አደርጋለሁ? ሰው ጭኛለሁ። አንተም እኮ ብቻህን አይደለህም» ብሎ ሚስትየዋን አያት። ከዚያ ኮቱን ከነአንድ እጅጌው ለበሰና መስታወት ፊት ቆመ። «በል እንግዲህ ሰደርያ አድርገው። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም፤ ክንዴ ትንሽ አየር ያግኝ።»

ጨርቁን ይዞ አልሄደም። ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

በቀጣዩ የእጥበት ቀን ሲስተሯ እንደ ልማዷ «አባቴ፣ ድካም እንዴት ነው?» አለች። ክቡርነታቸው ሚስታቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ የተበላሸ ስፌት እንደሚፈታ ሰው ከጫፉ ጀምረው ተረተሩት። ጠዋት መነሣት እንደሚያቅታቸው፣ ደረጃ ላይ ልባቸው እንደሚመታ፣ ሌሊት እግራቸው እንደማያርፍ፣ ከእጥበት በኋላ ዓለም እንደሚዞርባቸው፣ አንዳንዴም ምንም ነገር ደስ እንደማይላቸው። የመጨረሻውን ሚስትየዋም አታውቅም ነበር። ሲስተሯ ብዕሯን ከወረቀቱ ማንሣት አቃታት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ!» አለች እየተቆጣች። «እኛ እኮ ምንም አይሰማኝም ሲሉን አምነን ነው።»

ዶክተሩ ተጠርቶ መጣ። የደማቸው መጠን ዝቅ ማለቱ በምርመራ ይታይ ነበር፤ ግን እሳቸው ብረት ስለነበሩ ማንም አልቸኮለም። የታመመ ኩላሊት ደም እንዲመረት ትእዛዝ መስጠት ስለሚያቅተው ሰውየው ደም እያነሰው ይደክማል አላቸው። ደም የሚያስመርተው መርፌና አይረን የሚባለው የብረት መድኃኒት እንዲስተካከል፣ በእጥበት የሚወጣው ውሃ መጠን እንደገና እንዲታይ፣ የእግራቸው ነገርና ምንም ደስ የማይለው መንፈሳቸው እንዲታከም ተነጋገሩ። ድካሙ ድራሹ ይጠፋል ብሎ የዋሻቸው የለም። ይቀንሳል፣ የቀረውን ደግሞ እንደ አጭር ጨርቅ አብቃቅቶ መቁረጥ ነው።

«ሲደክምዎት አይደለም የሚያርፉት» አለች ሲስተሯ። «ከመድከምዎ በፊት ነው። ከዛሉ በኋላ ማረፍ መዘግየት ነው። ቀኑን ሙሉም አይተኙ፤ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ።»

ስለዚህ ሱቋ ሥርዓቷን ቀየረች። መቁረጥ በማይታጠቡበት ቀን ጠዋት ብቻ ሆነ። በእጥበት ቀን ከመጡም ቁልፍ መልቀም ነው፤ እሱም ቁጭ ብሎ። ወንበሩ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደ መደርደሪያው ወጣ። ወደ ማታ ባልና ሚስት እስከ መንገዱ ማዕዘን ሄደው ይመለሳሉ፤ ለጎረቤት «ሰው ልናይ ነው» ይሉታል እንጂ የሚያዩት ሰው የለም። አንዳንድ ደንበኛ በመስታወቱ በር ሰፊው ተቀምጠው ሲያይ ጨርቁን ወስዷል፤ ይህን መደበቅ ደግ አይሆንም። ሌላው ግን ቀጠሮውን አራዝሞ ደንበኛ ሆኖ ቀጠለ።

አዲስ ጣጣም መጣ። ክቡርነታቸው ያቺን ቃል አንዴ ከቀመሷት በኋላ ጣመቻቸው። የሰፈር ስብሰባ ሲጠሩ «ደክሞኛል»። የቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ «ሐኪም ከልክሎኛል»። ወሬው የማያልቅ ዘመድ ሲመጣ ሰላምታው ሳይጠናቀቅ ዓይናቸው ይከደናል። ሚስትየዋ አንዱን ከሌላው መለየት ተምራለች። የእውነቱ ሲሆን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የውሸቱ ሲሆን ደግሞ ያዛጋሉ። ሁለቱንም ታከብርላቸዋለች። እኛም ስንስቅባቸው ቆየን እንጂ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከሰፈራችን ቢጎድል ሳቁን ከየት እንደምናመጣው እንጃ።

ከእለታት አንድ ቀን፣ ከእጥበት መልስ፣ ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። ሚስትየዋ የታዘዘ ሱሪ እየተኮሰች ነው። ካውያው ከባድ ነው፤ ጠዋት ሆስፒታል አብራ ሄዳለች፣ አብራ ተመልሳለች፣ ሱቁን ከፍታለች፣ ሁለት ደንበኛ ሸኝታለች። ነገ ደግሞ እንዲሁ ነው። ይህን አስባው አታውቅም፤ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም።

«አንቺስ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ዞረች። ነቅተው እያዩአት ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላወቀችም።

«እኔ ምን?»

«አልደከመሽም?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሲስተሯ የጠየቀችው ስለ እሳቸው ነው፤ ጎረቤቱ የሚጠይቀው ስለ እሳቸው ነው፤ እሷ ራሷም የምትጠይቀው ስለ እሳቸው ነበር። አይ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። ካውያውን አቆመችው።

«ደክሞኛል» አለች። «በጣም ደክሞኛል።» እንባዋ መጣ።

ባሏ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። «ምነው ሳትነግሪኝ?» አላሏትም፤ ያንን ለማለት መብት እንደሌላቸው ያውቃሉ። የካውያውን ሶኬት ነቀሉ፣ የመስታወቱን በር ቆለፉ፣ ክንዷን ይዘው ወደ ወንበሩ ወሰዷት።

«ተቀመጪ» አሏት። «ሱሪው ይጠብቃል።»

ተቀመጠች። ወንበሩ ገና የእሳቸው ሙቀት ነበረው።